ለጉሚ እንጂ ለግሚ አላልኩም

አስተርጓሚዋ የሰው ንግግር ባዶ እጁን ሲሄድ ማየት አይሆንላትም። ተናጋሪው «እንደምን አደራችሁ» ካለ እሷ «እንደምን አደራችሁ፣ መንገዱስ እንዴት ነበር፣ ቁርስ ቀመሳችሁ?» አድርጋ ነው የምታደርሰው። አንድ ጊዜ ስለ ፍሳሽ ቱቦ በተጠራ ዐውደ ጥናት ላይ ከውጭ የመጡ ባለሙያ ንግግር ያደርጉ ነበር። የሰውየው ድምፅ ራሱ የተደፈነ ቱቦ ነው፤ ቃላቱ እየተንጠባጠቡ ነው የሚወጡት። ተሰብሳቢው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሊያሸልብ ሲል፣ እሷ ከመስታወት ክፍሏ ሆና ንግግሩ ላይ ትንሽ ቅመም ነሰነሰችበት። እዚህ ጋ ቀልድ፣ እዚያ ጋ ቁጭት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ቱቦ ማለት እናት ነው» የሚል ነገር ጣል አደረገች። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ባለሙያው ጭብጨባው ለራሳቸው መስሏቸው ንግግሩን ከ«ክቡራትና ክቡራን» ጀምረው ደገሙት።

ጉዷ ከተሰማ ወዲህ የሚጠሯት መሥሪያ ቤቶች ሳሱ። ስለዚህ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ደውለው «ለአንድ ሳምንት እንግሊዝኛ የሚችል ምላስ እፈልጋለሁ» ሲሏት፣ ምላስማ ሞልቶኛል ብላ እሺ አለች። ሰውየውን ሁሉም «ባልደራሱ» ነው የሚላቸው። የፈረስ አለቃ ይሁኑ እንጂ ፈረስ ላይ ከወጡ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሆዳቸው ከሳቸው ቀድሞ ይሳፈራል።

«ግን አንድ ነገር አለ» አሉ ባልደራሱ በስልክ። «የምታስተረጉሚው ለእህትሽ ነው።»

አስተርጓሚዋ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፤ ስልኩ ያጠፋ ይመስል።

ታላቅ እህቷ የእሷ ተቃራኒ ናት። ቃል ስታወጣ ከኪሷ የምታወጣ ይመስላታል። በትምህርት ቤቱ የሕፃናት አስተማሪ ሆና ስትሠራ፣ ልጆቹ የወደዷት ስለማትጮህባቸው ነው። አምና ታዲያ ሜዳው ላይ ስትጋልብ አንድ ፌስታል በነፋስ ተነስቶ ዳማዋ ፈረስ ፊት ላይ ተለጠፈ። ፈረሷ በረገገች፣ እህትየው ወደቀች፣ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ። ልቧ ግን አልገጠመም። ጧት ጧት ትመጣለች፤ ዳማዋን ትቦርሻለች፤ ኮርቻ ትጭናለች፤ እግሯን እርካብ ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ ታወጣዋለች። ፈረሷን ለሌላ አስተማሪ ታስረክብና ትኬት መቁረጫው መስኮት ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች።

ባልደራሱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አዲሱ የትምህርት ወቅት ደርሶባቸዋል። «ከውጭ አንዲት ሴትዮ አስመጥቻለሁ» አሏት እህትየውን። «ሥራቸው እንዳንቺ የደነገጠ ጋላቢን ማስመለስ ነው። ቅዳሜ ይሄዳሉ። እስከዚያ ከጋለብሽ የልጆቹ ክፍል ያንቺው ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ አንቺም በዚያችው መስኮት ትቀሪያለሽ። እኔም አልወደድኩትም፤ ግን ልጆቹን ትኬት እየቆረጥኩ ግልቢያ ላስተምራቸው አልችልም።»

እህትየው የዳማዋን ብሩሽ አነሳች። ቀጥሎ ያስተርጓሚዋን ማንነት ሲነግሯት ደግሞ ብሩሹን መልሳ አስቀመጠችው።

ሰኞ ጧት የኮርቻ ክፍሉ በር ላይ ተገናኙ። ክፍሉ የቆዳ ቅባትና የድርቆሽ ሽታ አለው፤ ግድግዳው ላይ ልጓሞች ተደርድረው ተሰቅለዋል።

«እታለም! ጠፋሁብሽ አይደል?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ስሚኝ» አለች እህትየው። «የሳቸውን ቃል ብቻ። ካንቺ አንዲት ጠብታ አትጨምሪ።»

«ጠብታ እንኳ?»

«ጠብታ እንኳ።»

«ቃሉ ደረቅ ከሆነስ? ትንሽ ማለስለሻ—»

«አንቺ ልጅ!»

«እሺ፣ እሺ። ደረቁን አቀርብልሻለሁ። ጉሮሮሽ ላይ ቢቆም ግን የለሁበትም።»

ከውጭ የመጡት አሰልጣኝ ከሲታ አሮጊት ናቸው፤ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ትልልቅ እጆች። እንግሊዝኛ የእናታቸው ቋንቋ አይደለም። የተማሩት ከድሮ የፈረስ መጻሕፍት ስለሆነ አነጋገራቸው ኮት ከነሰደርያው የለበሰ ነው። ውሃ ለመጠየቅ እንኳ «ጥማቴን እንድቆርጥ ብትፈቅጂልኝ» ነው የሚሉት። አስተርጓሚዋ ወደደቻቸው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ቅመም አያስፈልገውም አለች በልቧ።

እውነትም በመጀመሪያው ቀን ተአምር ተሠራ። አሮጊቷ እርካቡን ያዙና ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ማንም እያያት እንዳልሆነ የመሰላት እህትየው ከዓመት በኋላ ዳማዋ ላይ ወጣች። ባልደራሱ አጥሩ ላይ ተደግፈው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዳማዋ ሰጋቱራ በተነጠፈበት የልምምድ ክብ ውስጥ ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች።

አንድ ነገር ብቻ ልክ አልነበረም። እህትየው የልጓሙን ጠፍር፣ ዛቡን፣ የያዘችው ከገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ገመድ እንደሚይዘው ነው። ፈረሷ አንገቷን በዘረጋች ቁጥር ወደ ራሷ ትስባለች።

አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ። «ሪፍሬይን!» አሉ፤ ረጋ ባለ ድምፅ።

እዚህ ላይ የአስተርጓሚዋን የትምህርት ማስረጃ ማየት ግድ ይላል። የማስተርስ ማሟያዋን የጻፈችው ስለ ዘፈን አዝማች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዘፈን ውስጥ ተመላልሶ የሚዘፈነውን ስንኝ ስትለቅም ኖራለች፤ ያ ስንኝ ደግሞ በእንግሊዝኛው ሪፍሬይን ነው። «ተቆጠብ» የሚል ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠፍቷት አይደለም። በየሆቴሉና በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ አይታዋለች፤ ግን እዚያ ሁልጊዜ ጓዙን ጭኖ ነው የሚመጣው፤ ከማጨስ፣ ከመትፋት፣ ግድግዳ ከመደገፍ እያለ። እንዲህ ብቻውን፣ ያለ ጓዝ ሲመጣ አላወቀችውም። ያወቀችው የድሮ ወዳጇን ነው።

«አዝማቹን! ድገሚው!» አለች።

እህትየው ግራ ገብቷት ዛቡን እንደገና ሳበች። ዳማዋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ሪፍሬይን! ሪፍሬይን!» አሉ አሮጊቷ።

«አሁንም! አሁንም ድገሚው!» አለች አስተርጓሚዋ፤ ከዚያም ቃሏን ረስታ ከራሷ ጓዳ ጨመረችበት፤ «ጥብቅ አድርገሽ!»

ዳማዋ መታገሥ የምትችለውን ታገሠች። ከዚያ የፊት እግሮቿን ከመሬት አንስታ በኋላ እግሯ ቆመች። እህትየው በፈረሷ ዳሌ ላይ፣ ልጅ በሸርተቴ እንደሚወርድ ወርዳ፣ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለች።

ምንም አልተሰበረም። እሱ ነው የከፋው፤ የሚታሰር ነገር ቢኖር እንኳ አንድ ሥራ ነበር። እህትየው ተነሳች፤ ሱሪዋን አራገፈች፤ ማንንም ሳታይ ወደ ትኬት መቁረጫው ሄደች፤ መስኮቱን ከውስጥ ዘጋችው።

አሮጊቷ አስተርጓሚዋን በዓይናቸው ጠሯት። «ለመሆኑ ምን ነበር ያልሻት?»

አስተርጓሚዋ ነገረቻቸው። አዝማቹን፣ ድገሚውን፣ ጥብቅ አድርገሽውን ሳይቀር።

አሮጊቷ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ መሳብሽን ተዪ እላለሁ፤ አንቺ ሳቢው ሳቢው ትያለሽ! ፈረሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።» ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ያቺ ሴት ዛሬ ጧት ለመውጣት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ልጄ። ለሁለተኛው ጊዜ ዓመት የለንም። ሂጂና ያንን ቃል አጥኚው። ነገ በራሳችሁ ቋንቋ እንደሱ አጭር የሆነ ቃል ታመጪልኛለሽ። ረጅም ከሆነ ፈረሷ አትጠብቅም።»

አስተርጓሚዋ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን በሌላው ስልኳን ይዛ መዝገበ ቃላት ከፈተች። ነገሩ ገና ከመጀመሪያው አስደነገጣት። ሪፍሬይን አንድ ቃል አይደለም፤ ከተለያየ አገር መጥተው አንድ ዓይነት ኮት የገዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው፣ የእሷ ወዳጅ፣ ከ«መስበር» የመጣ ነው፤ ዘፈኑ እየሄደ ሳለ ይሰበርና ወደዚያችው ስንኝ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን በላቲን ልጓም ከሚሉት ነገር የተወለደ ነው። ላቲኖቹ ልጓሙን «ፍሬኑም» ይሉታል፤ ከዚያ «መልሶ መለጎም» አሉ፤ ፈረንሳዮቹ ተቀበሉ፤ እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮቹ ወሰዱ። መጀመሪያ ሌላውን መያዝ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ሰው ልጓሙን ወደ ራሱ አዞረው። ራሱን የሚይዝ፣ እጁን የሚሰበስብ፣ ሊል የነበረውን የሚውጥ ሰው ሥራ ሆነ።

ይህን እያነበበች ሳለ ሾፌሩ ለአንድ ውሻ ሲል ፍሬን ያዘ። ሰው ሁሉ ወደፊት ተደፋ።

«ሹፌር! የጫንከው ሰው ነው እኮ!» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«ፍሬኑን ቀስ በለው እንጂ!» አለች አንዲት ሴትዮ።

አስተርጓሚዋ ግንባሯን ከፊቷ ከተቀመጡት ሰው ኮፍያ ላይ አነሳች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። «ፍሬን!» ብላ ጮኸች።

«ያዘልሽ እኮ ልጄ፤ ተረጋጊ» አሉ ባለኮፍያው።

«አይደለም እኮ ጋሼ! ፍሬኑም! ፍሬኖ! ጣሊያኖቹ ልጓሙን ፍሬኖ አሉት፤ መኪና ሲመጣ ማቆሚያውንም በዚያው ጠሩት፤ እኛም ከነመኪናው ተረከብነው! ሪ-ፍሬይን! ውስጡ ፍሬን አለ! ይሄ አውቶቡስ አፉ ውስጥ ልጓም አለው ማለት ነው!»

ባለኮፍያው በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። መውረጃቸው መሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እሷ ደግሞ ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ እህቷ ጋ ሄደች። እህትየው ዕቃ እያጠበች ነበርና እጇ አረፋ እንደለበሰ በሩን ከፈተች። አስተርጓሚዋ ደፉ ላይ ቆማ ላቲኑን፣ ፈረንሳዩን፣ ጣሊያኑን፣ አውቶቡሱን፣ ውሻውን ሳይቀር አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረገፈችው።

«ጨረስሽ?» አለች እህትየው።

«ሥረ መሠረቱ እኮ ነው እታለም! አይገርምሽም?»

«እኔ ዛሬ የወደቅኩት ከፈረስ ላይ ነው። ከላቲን ላይ አይደለም።»

አስተርጓሚዋ መዝገበ ቃላቱ የተከፈተበትን ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ቃሉን አወቅሽው» አለች እህትየው፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ራስን መያዝ ነው አልሽ። ጎሽ። አሁን አድርጊው።» በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻል ነበር፤ የተላጋ በር ቢያንስ ያወራል።

አስተርጓሚዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ትንሽ የጎደለው ይመስላታል፤ እሷም ትሞላለታለች። ሰውየው ግን አልጎደለኝም ሊል ይችላል። እህቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር የጨረሰችላት እሷ ናት። ምናልባት ዝምተኛ የሆነችው ወረፋ አጥታ ነው።

በማግስቱ ጧት ግን እህትየው መጣች። ዳማዋንም ጫነች። ለአስተርጓሚዋ ሰላምታ አልሰጠችም፤ «ቃሉን አገኘሽ?» ብቻ አለቻት።

«እየፈለግኩ ነው። ‹ተቆጠቢ› ብልሽስ?»

«እኔ ድሮም ቁጥብ ነኝ። ከዚህ በላይ ብቆጠብ ባንክ እሆናለሁ።»

አስተርጓሚዋ ልትስቅ ስትል ራሷን ያዘች፤ እህቷ መቀለዷ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። «‹ተይ›ስ?»

«ተይ ስባል ምን አጠፋሁ ብዬ ዞሬ አያለሁ።»

«‹ፍሬን ያዢ›?»

«ያዢ ካልሽኝ እይዛለሁ። የታመምኩት መያዝ ነው እኮ።»

አስተርጓሚዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ልጓሞች ቀና ብላ አየች። አፋችን ላይ የኖረ ቃል ነው፤ አውቶቡስ ድረስ ምን አስኬደኝ? አለች በሆዷ። «ለጉሚ» አለች።

«ማንን? ፈረሷ እንደሆነች ተለጉማለች።»

«እጅሽን። ፈረሷን አይደለም፤ እጅሽን ለጉሚው።»

እህትየው ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። እጇንም አየችው፤ መዳፏ በዛቡ ተፍቆ ቀልቷል። «ይሁን» አለች። «አንቺ ደግሞ አፍሽን።»

«ተስማምተናል።»

«እናያለን። አንቺ ሥራ ላይ መለገም እንጂ አፍሽን መለጎም ለምደሽ አታውቂም።»

የሚቀጥሉት ቀናት በዚያች በአንድ ቃል ላይ ነው የተጋለቡት። አሮጊቷ «ሪፍሬይን» ሲሉ አስተርጓሚዋ «ለጉሚ» ትላለች፤ እህትየው ጣቶቿን ላላ ታደርጋለች፤ ዳማዋ አንገቷን ዘርግታ ትራመዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ተበላሸ። ባልደራሱ ከአጥሩ ባሻገር እየተጣደፉ መጡ።

«ምንድን ነው የምሰማው? ለግሚ?» አሉ። «እኔ ሰው ከባሕር ማዶ አስመጥቼ፣ አንቺ ሠራተኛዬን ለግሚ ትያታለሽ? እሱንማ ሠራተኞቼ ያላስተርጓሚ ተክነውበታል!»

«ለጉሚ ነው ያልኩት ጋሼ! ለጉሚ እንጂ ለግሚ አላልኩም!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በለጉሚ ፈረሷ ትሄዳለች። በለግሚ ሁላችንም እንተኛለን።»

ባልደራሱ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ጠበቅ አድርገሽ በዪው» ብለው ተመለሱ።

አስተርጓሚዋ ግን ገና አልዳነችም ነበር። ሐሙስ ዕለት ዳማዋ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ ልትለወጥ ስትል የእህቷ ፊት አመድ መሰለ። አስተርጓሚዋ አልቻለችም።

«አይዞሽ እታለም፣ ጎበዝ ነሽ፣ ትችያለሽ፣ ቀጥ በይ!»

እህትየው ፈረሷን አቆመች። «እሳቸው አይዞሽ አሉ?»

«... በዓይናቸው።»

«በዓይናቸው ያሉትን በዓይኔ አየዋለሁ። ተለመኚኝ፤ እዚህ ላይ ስሆን በጆሮዬ የሚገባው ሁሉ እጄ ላይ ነው የሚደርሰው። ብዙ ሲሆን እጄ ይጨብጣል። አንድ ሰው ብቻ ይናገረኝ። እሱም መናገር ሲያስፈልገው ብቻ።»

እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከእህቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ አስተርጓሚዋ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብላ ነበር።

ቅዳሜ መጣ። የአሮጊቷ ሻንጣ ከባልደራሱ ቢሮ በር አጠገብ ቆሟል። እስከዚያች ጧት ድረስ እህትየው ክቡን ሰጋቱራ በሶምሶማ ዞራ ነበር፤ ወደ ሜዳው ግን አልወጣችም። ልጆቹን የሚያስተምሩት ሜዳው ላይ ነው። የወደቀችውም እዚያ ነው። ባልደራሱ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ከበሩ ወዲያ ሣሩ እስከ ዛፎቹ ድረስ ተዘርግቷል፤ ነፋሱም አለ።

እህትየው ዳማዋን እስከ በሩ አደረሰቻት። እዚያ ላይ ቆመች።

አሮጊቷ ምንም አላሉም። ባልዲያቸውን አምጥተው ገለበጡት፤ ተቀመጡበት፤ ትልልቅ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ።

ጊዜው ሄደ። ዳማዋ ጅራቷን ወዘወዘች። የእህትየው ጣቶች ዛቡ ላይ ነጭ ሆነዋል።

«ምን አሉ?» ብለው ባልደራሱ በሹክሹክታ አስተርጓሚዋን ነቀነቋት።

«ምንም አላሉም።»

«እንዴት ምንም አይሉም? መኪናው ደረሰ እኮ! በይ ተርጉሚያ!»

«ተርጉሜ ጨረስኩ፤ ጋሼ።»

ባልደራሱ ይሄ ዓይነት ትርጉም የት ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ሊጠይቁ ሲሉ የአስተርጓሚዋን ፊት አዩና ተዉት። ፊቷ ቀልቷል። አፏ ውስጥ አይዞሽ አለ፤ ትችያለሽ አለ፤ «አስታውሺ ልጅ ሆነን» አለ፤ አንድ ሁለት ቀልድም አለ፤ ሁሉም ጥርሷ ጀርባ ተሰልፈው በሩን ይገፋሉ። ዝም ማለት እስከዛሬ ሥራ መፍታት ይመስላት ነበር። አሁን ግን ክንድ የሚያዝል፣ ላብ የሚያወጣ ነገር ሆነባት። ከአንድ ቦታ ይዛ ሳትጎትት፣ ለቃም ሳትጥል፣ ልክ እዚያው ላይ ማቆየት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትናገር የኖረችው ለካ ቀላሉን መርጣ ነው።

«ምን አሉ?» አለች እህትየው ከፈረሷ ላይ፤ ዞር ሳትል። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«አንቺስ?»

አስተርጓሚዋ አፏ ውስጥ የተሰለፈውን ሁሉ ዋጠች። «እኔም ምንም።»

ሜዳው ላይ ነፋሱ ብቻ ቀረ። እህትየው ለረጅም ጊዜ ዛፎቹን አየች። ማንም የማይጠብቃት፣ ማንም የማይጨርስላት አንድ ነገር ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። ትከሻዎቿ ቀስ ብለው ወረዱ። ከዚያ ጣቶቿ ተከፈቱ፤ መጀመሪያ የግራ እጇ፣ ከዚያ የቀኟ። ዛቡን አለቀቀችውም፤ ያዘችው ብቻ። ዳማዋ ዓመት ሙሉ የያዘችውን የሚመስል ትንፋሽ በአፍንጫዋ አወጣች፤ አንገቷን ዘረጋች፤ በሩን አለፈች።

መጀመሪያ በእርምጃ። ከዚያ በሶምሶማ፤ እህትየው ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ትላለች። ሜዳው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ፣ ያ ፌስታል አምና የተነሳበት ቦታ ይሆናል፤ ባልደራሱ ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት ግን ዳማዋ ግልቢያ ላይ ነበረች። ጋማዋ ይበተናል፤ ኮቴዋ ሣሩ ላይ ይደልቃል፤ እህትየው ወደፊት ዘንበል ብላ ከዛፎቹ ሥር ዞራ እየተመለሰች ነው።

ከሩቅ አንድ ነገር ጮኸች።

«ምን ትላለች?» አሉ አሮጊቷ ከባልዲያቸው ተነስተው።

አስተርጓሚዋ እህቷ እስክትጨርስ ጠበቀች። የሰማችውን ሁሉ በልቧ ያዘች፤ ከዚያ ቃል በቃል ተረጎመችው። «‹ለአሰልጣኟ ንገሪልኝ› ትላለች። ‹ይህቺ ፈረስ ከእህቴ ትሻላለች። ቢያንስ ሳይጠሯት አቤት አትልም› ትላለች።»

አሮጊቷ ተገርመው አዩዋት። «እንደዚሁ ነው ያለችው? አላለሰለስሽውም?»

«እንደዚሁ ነው።»

«የምትጨምሪው የለሽም?»

«ብዙ አለኝ» አለች አስተርጓሚዋ፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ። «ግን የራሴ ስለሆነ ራሴው ጋ ይቆይ። ቤት ስትገባ፣ ወረፋ ከሰጠችኝ፣ ፊት ለፊት እነግራታለሁ።»

ባልደራሱ ክንዷን ያዟት። «እንግዲህ ሰኞ የልጆቹን ክፍል ትጀምራለች ማለት ነው? አዎ በይኝ፤ ለወላጆች ልደውል ነው!»

መልሱን ታውቀዋለች። ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አፏ ለ«አዎ» ቅርፅ ይዞ ነበር። «እሷን ይጠይቋት ጋሼ» አለቻቸው። «መልሱ የሷ ነው።»

ባልደራሱ እያጉረመረሙ፣ ሆዳቸውን አስቀድመው ሣሩን ሰንጥቀው ሄዱ። «ሰኞ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ «ሰኞ ትጀምሪያለሽ ወይ?»

እህትየው ዳማዋን ሳታቆም በአጠገባቸው አልፋ ሄደች። ድምፅዋ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ሜዳው ላይ ላሉት ሁሉ፣ ማንም ሳያስተረጉመው።

«እስከ ሰኞ ከፈረሷ ልውረድ እንዴ?»